ሁለት ጨዋታ በአንድ ሣር፦ ከባዝ እስከ ስዋንሲ

መንገዱ አጭር ነው። ከለንደን ፓዲንግተን ባዝ፣ ከባዝ ካርዲፍ፣ ከካርዲፍ ስዋንሲ፤ ሁሉም በባቡር ይገባል፤ ሲደመር ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያልፋል። ሦስቱም ከተሞች ከሚያዝያ እስከ መስከረም ክሪኬት፣ ከመስከረም እስከ ግንቦት ደግሞ ራግቢ ሲያስተናግድ የኖረ ሜዳ አላቸው። መስከረም የተመረጠው አንዱ ጨዋታ ዕቃውን ሲጠቀልል ሌላው የሚገባበት ወር ስለሆነ ነው፤ በሣሩ ላይ ያላቸው ጠብም የሚታየው ያኔ ነው። የታሪኩ ቀንና ዓመት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የጉዞው ቀን ግን በእኛ ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 2 ቀን 2017፦ ባዝ

ከባዝ ባቡር ጣቢያ እስከ ሜዳው በእግር 10 ደቂቃ ነው። ታክሲ መያዝ ገንዘብ መጣል ነው፤ መንገዶቹ ጠባብ ስለሆኑ መኪናው ዞሮ ዞሮ ከእግረኛው በኋላ ይደርሳል። የኤቨንን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ግራ ሲያዩ መቀመጫዎቹ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ይላሉ። የከተማው ሰው ሜዳውን በአጭሩ «ዘ ሬክ» ይለዋል። ባዝ ራግቢ የተመሠረተው በ1865 ሲሆን እዚህ መጫወት የጀመረው በ1894 ነው።

የሜዳው አቀማመጥ ያስገርማል። በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላው የ18ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ቤቶች፣ ከበላይ ኮረብታው። የሚሰፋበት ቦታ የለም። ከዚያም ላይ የሕጉ ጉዳይ አለ። መሬቱ ለከተማው ሕዝብ መዝናኛ የተሰጠ ነው፤ ክለቡ በ1995 የ75 ዓመት ኪራይ ቢዋዋልም ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2002 ቦታው በበጎ አድራጎት አደራ የተያዘ ነው ብሎ ወሰነ። ስለዚህ በምሥራቅ በኩል ያለው ትልቁ መቀመጫ ቋሚ አይደለም። የራግቢው ወቅት ሲያልቅ ብረቱ ተፈቶ ይነሣል፤ ሣሩ ለክሪኬትና ለሌሎች ጨዋታዎች ይለቀቃል፤ ወቅቱ ሲመለስ እንደገና ይገጠማል። በአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋን በየዓመቱ ፈትቶ መልሶ መትከል ማለት ነው። ይህን ወጪ ለመቅረፍና መቀመጫውን ወደ 18,000 ለማድረስ ክለቡ ለዓመታት እቅድ ሲያቀርብ፣ ጎረቤቶች ሲከራከሩ፣ ነገሩ ሲንከባለል ኖሯል።

ክሪኬትን ለማያውቅ ሰው ጠቡ ለምን እንደሚፈጠር አይገባውም። ጃንሜዳን ለሚያውቅ የጋራ ሜዳ ብርቅ አይደለምና፤ ጥምቀቱም፣ የገና ጨዋታውም፣ የፈረስ ውድድሩም፣ አገር አቋራጩም እዚያው ነው። ክሪኬት ግን ከአፈር ጋር የተጋባ ጨዋታ ነው። ወርዋሪው ኳሷን የሚወረውረው መሬት ነጥራ ወደ መቺው እንድትሄድ ነው። የምትነጥርበት 20 ሜትር የምትሆን ጠባብ መሬት ጠንካራና ጠፍጣፋ ካልሆነች ኳሷ አንዴ ጉልበት ሥር ታልፋለች፣ አንዴ ፊት ላይ ትወጣለች።

ያንን መሬት ለማግኘት በሜዳው መሃል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ሸክላማ አፈር ይነጠፋል። ከመቶ 30 እጅ ገደማ ሸክላ ያለበት ይመረጣል፤ ከዚያ ካነሰ ይፈረፈራል፣ በጣም ከበዛ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከግጥሚያ በፊት ለ10 ወይም ለ14 ቀናት ውሃ ይጠጣል፣ ይታጨዳል፣ በዳምጠው ይዳመጣል፤ ሣሩ በመጨረሻ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይቀራል። እርጥበቱ ነው ወሳኙ። ጭቃው ሳይጠነክር ዳምጠው ከወጣበት አፈሩ ወደ ፊት ይገፋና ይጎብጣል፤ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ዳምጠው ቢመላለስበት ምንም አይፈይድም። መስከረም ላይ ወቅቱ ሲያልቅ የሞተው ሣር በብረት ጥርስ ይቧጠጣል፣ ዘር ይዘራል፣ በላዩ ተመሳሳይ ሸክላ ይበተናል። ዘሩ በሚበቅልበት በዚያው ሳምንት ራግቢ ይጀምራል። በትልልቅ ክለቦች ስክረም ላይ ስምንትና ስምንት ሆነው የሚገፋፉት ሰዎች ተደምረው ወደ 1,800 ኪሎ ይጠጋሉ፤ ጫማቸውም ባለ ብረት ጥርስ ነው። ቡቃያውን አያስተርፉትም።

ሌላው ችግር ራግቢ የሚፈልገው አፈር ተቃራኒ መሆኑ ነው፤ አሸዋ የበዛበት፣ የክረምቱን ዝናብ ቶሎ የሚያሰርግ፣ ሣሩም ረዘም ያለ።

አፈሩ ሳይረጋ ሲቀር ምን እንደሚሆን ባዝ በ1953 አይታለች። ሰኔ 6 ቀን የሶመርሴትና የላንክሻየር አውራጃ ክለቦች የሦስት ቀን ግጥሚያ ጀመሩ። ግጥሚያው የሶመርሴቱ ተጫዋች የበርቲ ቡስ የድጋፍ ግጥሚያ ነበር፤ ለረጅም ዘመን ያገለገለ ተጫዋች የመግቢያው ገቢ የሚሰጠው፣ ወጪውን ግን ራሱ የሚሸፍንበት። የመሃሉ መሬት እንደ አዲስ ተነጥፎ ገና አልረጋም ነበር። ሶመርሴት መቺዎቹ ሁሉ ወጥተውበት በ55 ነጥብ አለቀ። ላንክሻየር 158 አስቆጠረ። ሶመርሴት ለሁለተኛ ጊዜ ሲመታ በ79 አለቀ፤ ሁሉም በአንድ ቀን! የሁለት ቀን የመግቢያ ገቢ በነነ። ከላንክሻየር ስድስት መቺዎችን ያስወጣው ራሱ ቡስ መሆኑ ነገሩን ያሳዝነዋልም ያስቃልም፤ በጥሩ ሁኔታ በወረወረ ቁጥር የራሱን ኪስ ያራቁት ነበር። ይኸው ሰው በክረምት ለባዝ ራግቢ የኋላ ተከላካይ ሆኖ ይጫወት ነበር። ሁለቱንም ጨዋታ በአንድ ሜዳ።

ሶመርሴት እዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ክሪኬት (ከፍተኛውን፣ ብዙ ቀን የሚፈጀውን ዓይነት) የተጫወተው እስከ 2006 ነው። የባዝ ክሪኬት ክለብ አጠገቡ በኖርዝ ፓሬድ የራሱ ሜዳ አለው፤ በነፃ ቆሞ ማየት ይቻላል።

ከሰዓት በኋላ ሰዓት ከተረፈ በአውቶቡስ ወደ ኒውብሪጅ መሄድ ነው። በሄድንበት ሰሞን የአንድ ጉዞ ዋጋ በ2 ፓውንድ ተወስኖ ነበር። በኬልስተን መንገድ ላይ ያለው ፌርፊልድ ሀውስ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ቤት ነው፤ በ1958 ለአረጋውያን መጦሪያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡት። ነዋሪዎችና ማኅበራት የሚጠቀሙበት ስለሆነ ሳይጠይቁ መግባት ነውር ነው። አስቀድሞ የጉብኝት ቀን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ያላረጋገጠ ሰው በሩን አይቶ ይመለሳል።

ዓርብ፣ መስከረም 3፦ ካርዲፍ

ከባዝ ካርዲፍ ቀጥታ ባቡር አለ፤ አንድ ሰዓት ከትንሽ ይፈጃል። ያን ቀን ግን ባቡሩ ብሪስቶል ላይ «እዚህ ያበቃል» ተባለ። ምክንያት አልተነገረም። 50 ደቂቃ መድረክ ላይ ተቆመ፤ ቀጣዩ ሲመጣ የሁለት ባቡር ሰው አንዱ ውስጥ ገባ። ሻንጣ ያለው ሰው በዚህ መስመር ዓርብ ከሰዓትን ቢሸሽ ይሻለዋል። ከብሪስቶል በኋላ ባቡሩ በ1886 በተከፈተው፣ ሰባት ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የሰቨርን ዋሻ ውስጥ ወንዙን በሥሩ ያልፋል። በመኪና ለሚሄድ ደግሞ የድልድዩ ክፍያ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ቀርቷል።

ካርዲፍ ሴንትራል ሲወርዱ የቆሙበት መሬት ራሱ የታሪኩ መጀመሪያ ነው። ታፍ ወንዝ ቀድሞ እዚህ ነበር የሚጠማዘዘው። ኢንጂነሩ ብሩኔል በ1840ዎቹ መጨረሻ የባቡር ጣቢያ የሚሠራበት ደረቅ ቦታ ሲፈልግ ወንዙን ወደ ምዕራብ ገፋው። በካርዲፍ አርምስ ሆቴል ጀርባ የነበረው ረግረግም ለጨዋታ የሚሆን ሜዳ ሆነ። ባለቤቱ የቢዩት ማርኪስ ነበር፤ ለክሪኬት ፈቀደ፤ ራግቢው በ1876 ተከተለ። ሰሜኑ የክሪኬት፣ ደቡቡ የራግቢ ሆኖ አርምስ ፓርክ ተባለ። በ1922 የክሪኬቱና የራግቢው ክለቦች በአንድ የአትሌቲክስ ክለብ ሥር ተጠቃለሉ፤ መሬቱንም ከማርኪሱ ገዙ።

የዌልስ ሰው ስለዚህ ሜዳ ሲያወራ የሚያነሣው ታኅሣሥ 16 ቀን 1905ን ነው። ኒው ዚላንዶች በጉዟቸው ሁሉንም ሲያሸንፉ መጥተው እዚህ 3 ለ 0 ተረቱ። ያን ጊዜ አንድ ትራይ፣ ማለትም ኳሷን ከመስመሩ አሳልፎ መሬት ማስነካት፣ ሦስት ነጥብ ነበር፤ ያገባው ቴዲ ሞርጋን ነው። ኒው ዚላንዳዊው ቦብ ዲንስ እኔም መስመሩን አልፌ ኳሷን አስነክቻለሁ ብሎ ነበርና ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። ከግጥሚያው በፊት ለኒው ዚላንዶች ጭፈራ መልስ የዌልስ መዝሙር ተዘመረ፤ ከስፖርት ግጥሚያ በፊት ብሔራዊ መዝሙር መዘመር የተጀመረው ያኔ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

ክሪኬቱ ለምን ተባረረ? በጭቃ ምክንያት ነው። የዌልሱ የክሪኬት ክለብ ግላሞርጋን በ1921 የመጀመሪያ ደረጃ ክለብ ሆኖ የመጀመሪያውን ግጥሚያ እዚሁ ተጫወተ፤ ሰሴክስን በ23 ነጥብ ረታ። በደቡቡ በኩል ግን አንድ የራግቢ ሜዳ የአገሩን ቡድንም የካርዲፍ ክለብንም ይሸከም ነበር፤ ክለቡ በየሳምንቱ ይጫወትበታል፤ ዙሪያውን ከ1927 ጀምሮ የውሻ እሽቅድምድም ይካሄዳል። ወንዙ ቅርብ፣ መሬቱ ዝቅተኛ፤ ውሃው የሚሄድበት የለም። በታኅሣሥ 1960 ከደቡብ አፍሪካ ጋር የተደረገው ግጥሚያ በዶፍ ዝናብ በጭቃ ውስጥ አለቀ፤ በማግስቱ ታፍ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው። ከዚያ በኋላ የተገኘው መላ ለክለቡ ሌላ ሜዳ መስጠትና የአገሩን ሜዳ ለአገር ግጥሚያ ብቻ ማስቀረት ሆነ። ሌላ ሜዳ የተባለው የክሪኬቱ ነው። ክሪኬት በ1966 ለመጨረሻ ጊዜ ተጫውቶ ወጣ፤ ካርዲፍ ክለብ በቦታው ገባ።

ዛሬ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ይታያሉ። ደቡቡ በ1999 የተከፈተው 74,500 ሰው የሚይዘው ስታዲየም ነው፤ ጣሪያው 20 ደቂቃ ያህል ፈጅቶ ይዘጋል። ሣሩ በመጀመሪያ በሳጥን ሳጥን ተተክሎ የሚገጣጠም ነበር፤ መገጣጠሚያው ላይ እየለቀቀ ስላስቸገረ በ2014 በፕላስቲክ ክር በተጠናከረ ሣር ተተካ። ጣሪያና ረጅም ግድግዳ ፀሐይ ስለሚከለክሉት በትልልቅ መብራት ያበቅሉታል። ሰሜኑ፣ የድሮው ክሪኬት ቦታ፣ በ2013 ሰው ሠራሽ ሣር ለበሰ። ዳምጠው ሲመላለስበት የኖረ መሬት አሁን የጎማ ፍርፋሪ ነው። የሚያሳፍር ባይሆንም ደስ አይልም።

ክሪኬቱ የሄደበትን ለማየት በቢዩት ፓርክ ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል ወደ ሰሜን በእግር ይሄዷል፤ ወንዙን በእግረኛ ድልድይ ይሻገሯል። ሶፊያ ጋርደንስ ከ1967 ጀምሮ የግላሞርጋን ቤት ነው። በሐምሌ 2009 በዌልስ ምድር የመጀመሪያው የአምስት ቀን ቴስት ግጥሚያ፣ እንግሊዝ ከአውስትራሊያ፣ እዚህ ተደረገ፤ የእንግሊዝ የመጨረሻዎቹ ሁለት መቺዎች አንደርሰንና ፓነሳር 69 ኳስ ተቋቁመው አቻ አወጡት። ራግቢ የማይረግጠው መሬት ስለሆነ መሃሉ ጠረጴዛ ይመስላል።

ዓርብ ስለነበር ምግብ ላይ ጥያቄ ማብዛት ግድ ሆነ። በገበያው በምጣድ ላይ ትኩስ ትኩሱን የሚሸጠው የዌልስ ኬክ ቅቤና እንቁላል አለበት፤ አንዳንዱ ቤት የአሳማ ሞራም ይገባበታል። ድንች ጥብስም ቢሆን በበሬ ሞራ የሚጠብሱ ቤቶች ስላሉ መጠየቅ ነው፤ አይከፉም። ዘይት መሆኑ ተረጋግጦ አንድ ትልቅ ድንች በ4 ፓውንድ ተበላ። አልጋ 68 ፓውንድ ነበር። የአገር ግጥሚያ ባለበት ቅዳሜ ይኸው ክፍል ብዙ እጥፍ ስለሚሆን የራግቢውን መርሐ ግብር ሳያዩ ወደ ካርዲፍ ትኬት መቁረጥ ሞኝነት ነው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 4፦ ስዋንሲ

አንድ ሰዓት በባቡር። ስዋንሲ እንደ ባዝ አያምርም፣ እንደ ካርዲፍ አይጮኽም፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሃሉን አፍርሶት እንደነገሩ የተሠራ ከተማ ነው። ከጣቢያው መጀመሪያ ወደ ገበያው መግባት ይሻላል። ፔንክላውድ ከሚባለው የባሕር ዳር መንደር የሚመጣው ቅርፊት ያለው የባሕር ፍጥረት፣ ኮክል፣ በትንሽ ኩባያ በ3 ፓውንድ ይሸጣል፤ ኮምጣጤና ነጭ በርበሬ ነስንሰው እዚያው ቆመው ይበሉታል። አጠገቡ የሚሸጠው ላቨርብሬድ ከባሕር ቅጠል የሚሠራ ነው፤ ለሰዓታት ተቀቅሎ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ በጣም የበሰለ ጎመን ይመስላል፤ ጣዕሙ ግን ባሕር ባሕር ይላል። ያረፍንበት ቤት ባለቤት፣ አንዲት ትልቅ ሴትዮ፣ ቁርስ ላይ በአጃ ለውሰው ጠብሰው አቀረቡት። «ካልወደዳችሁት ለውሻው ነው» አሉ። ውሻው አልደረሰውም።

ቅድስት ሄለን ሜዳ ከገበያው በባሕሩ ዳር መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ነው። ስሙ ቀድሞ እዚያ ከነበረ የቅድስት ሄለን የደናግል ገዳም የመጣ ነው። በፊቱ የመምብልስ ባቡር ያልፍ ነበር፤ በ1807 መንገደኛን በክፍያ ማጓጓዝ የጀመረ፣ በዓለም የመጀመሪያው፤ በ1960 ተዘጋ። ዛሬ የባሕሩ ዳር መንገድ የግጥሚያ ቀን የሚታነቀው ያ ባቡር ስለሌለ ጭምር ነው።

ሜዳው የተሠራው የአሸዋ ክምር ተደልድሎ ነው፤ ባሕሩ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሁሉም ነገር ከዚህ ይመነጫል። አሸዋ ውሃን ቶሎ ስለሚያሰርግ እንደ ካርዲፍ ጭቃ አይሆንም፤ ራግቢና ክሪኬትም ጎን ለጎን ሆነው ሣር ተጋርተው ከመቶ ዓመት በላይ መኖር ቻሉ። ክሪኬቱ ግን ዋጋ ይከፍላል፤ መሬቱ ቶሎ ይደርቃል፣ ላዩ ይቦናል፣ ኳሷም ትሽከረከራለች። ነሐሴ 1951 የደቡብ አፍሪካ ቡድን እዚህ ግላሞርጋንን ለመርታት 148 ያስፈልገው ነበር። አንድም ሰው ሳይወጣበት 54 ደረሰ። ከዚያ መክኮነንና መንሰር የሚባሉ ኳስ አሽከርካሪዎች ገቡ፤ ቡድኑ በሙሉ በ83 ተጠረገ። መክኮነን ብቻውን ስድስት ሰው አስወጣ፤ ከነሱ ውስጥ ሦስቱን በተከታታይ ኳስ።

በራግቢውም ሜዳው ለራሱ የሚሆን ስም አለው። ታኅሣሥ 16 ቀን 1882 ዌልስና እንግሊዝ እዚህ ተጋጠሙ፤ ዛሬ ስድስቱ አገሮች የሚጫወቱት ውድድር የመጀመሪያ ግጥሚያ ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ነው። የስዋንሲ ክለብ አውስትራሊያን በ1908፣ ደቡብ አፍሪካን በ1912፣ ኒው ዚላንድን በ1935 አሸነፈ። በ1935 ግጥሚያ 11 ለ 3 ሲያልቅ ኳሱን ያከፋፈሉት ታነርና ዴቪስ የተባሉ ሁለት የአክስትና የአጎት ልጆች ገና ተማሪ ነበሩ። የአገሩ ቡድን በዚያ ውድድር ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ የተጫወተው በ1954 ከስኮትላንድ ጋር ነው፤ ከዚያ በኋላ ውድድሩ ወደ ካርዲፍ ተጠቀለለ። ስዋንሲዎች ይህን ይቅር አላሉም፤ በሩ ላይ ያገኘናቸው ሽማግሌ ዘበኛም ትናንት የሆነ ያህል ነበር የሚያወሩት።

ከዚያ ነሐሴ 31 ቀን 1968 አለ። መቺው የኖቲንግሃምሻየር አምበል ጋሪ ሶበርስ፣ ወርዋሪው የግላሞርጋኑ ማልኮም ናሽ። ናሽ የወትሮ ፈጣን ውርወራውን ትቶ ቀስ ያለ ማሽከርከር እየሞከረ ነበር። በአንድ ዙር ስድስት ኳስ ይወረወራል፤ ሶበርስ ስድስቱንም ሳይነጥሩ ከሜዳው ወሰን አሻገራቸው፤ እንዲህ ያለ ምት እያንዳንዱ ስድስት ነጥብ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ክሪኬት ከዚያ በፊት ያደረገው አልነበረም። አምስተኛው ሊከሽፍ ነበር፤ ሮጀር ዴቪስ የሚባለው ተጫዋች ከወሰኑ አጠገብ ቀልቦት ነበር፤ ግን ኳሱን እንደያዘ ወደ ኋላ ወድቆ ወሰኑን አለፈ፤ ስድስት ተባለ። የመጨረሻው ከሜዳው ወጥቶ ጎዳና ላይ ወረደ። የቢቢሲ ዌልስ ካሜራ እዚያ መገኘቱ ዕድል ነው፤ ባይኖር እንደ ተረት ይወራ ነበር። ምስኪኑ ናሽ በ1977 በዚሁ ሜዳ ፍራንክ ሄይስ በሚባል ሰው ደግሞ በአንድ ዙር 34 ተቆጠረበት፤ ከስድስት ኳስ አምስቱ ስድስት፣ አንዱ አራት።

ከክሪኬት ቤቱ እስከ ሣሩ 67 ደረጃ አለ። መቺ ሆኖ ያለ ምንም ነጥብ ወጥቶ ያን ሁሉ ደረጃ በሰው ፊት መውጣት ከሽንፈቱ ይከፋል ይላሉ። እኛ ስንቆጥር 60 ላይ ዝናብ ጀመረ፤ የቀረው ሳይቆጠር በሩጫ ተወጣ።

የከተማው ምክር ቤት ሜዳውን በ1939 ገዝቶታል። ግላሞርጋን ከ2019 ወዲህ አልተመለሰም። ኦስፕሬይስ የሚባለው የራግቢ ቡድን እዚህ መግባት እንደሚፈልግ በ2024 አሳውቋል፤ ያኔ የቀረበው እቅድ ክሪኬቱ እንዲወጣ ነበር። ለአካባቢው የክሪኬት ሰዎች «ሌላ ቦታ እንሰጣችኋለን» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። ሸክላው ተነጥፎ፣ ሣሩ ሥር ሰድዶ፣ በዳምጠው ተደጋግሞ እስኪረጋ ጥቂት ዓመታት ይፈጃል፤ ቸኩሎ የተጫወተበት የቡስን ዓይነት ቀን ያገኘዋል። ዘበኛው ሽማግሌ ራግቢ ወዳድ ናቸው፤ ቢሆንም «ክሪኬቱ ከሄደ በጋ ምን ልናደርግ ነው?» አሉ።

እሑድ፣ መስከረም 5፦ መመለሻ

እሑድ የሐዲድ ጥገና ስላለ ከስዋንሲ እስከ ካርዲፍ በአውቶቡስ ነው ተባለ። አንድ ሰዓት የነበረው ሁለት ሆነ፤ ከካርዲፍ ያለው ባቡርም አመለጠ። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ባቡር በጥገና ወይም በመዘግየት ካመለጠ ያንኑ ቲኬት ይዞ በቀጣዩ መሄድ ይቻላል፤ አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ የባቡር ጣቢያው ሠራተኛ ማኅተም ቢያደርግበት ከተቆጣጣሪ ጋር ከመጨቃጨቅ ያድናል። መዘግየቱ ካሳ የሚያስገኝ ከሆነ የሚጠየቀው በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ቲኬቱን ከመጣል በፊት ፎቶ ማንሳት ይበቃል።